የተከራይዋ አቤቱታ

መነፅር ሠሪዋ አገር መፍጠር አላቃታትም። ያቃታት በአገሩ ላይ የሚኖር ሰው ማግኘት ነበር። ቀን ቀን ሱቅ ውስጥ የሰው ዓይን እየለካች፣ መስታወት እየሞረደች ትውላለች፤ ቤቷ ስትገባ ደግሞ ልብ ወለዷ ውስጥ ትገባለች። በዚያ ልብ ወለድ አገር ሰው ሲሞት ድምፁ አይሞትም። የሞተበት ቤት ግድግዳ ውስጥ ይቀራል፤ ጆሮውን ለጥፎ ላዳመጠው ያወራል፣ ይስቃል፣ አንዳንዴም ይነጫነጫል። ሐሳቡ ከየት እንደመጣላት እሷም አታውቅም። ብቻ አንድ ቀን መጣና አልሄድ አላት።

ከዚያ ወዲህ ለእንዲህ ዓይነት ደራሲ ይጠቅማል የተባለ ነገር ሁሉ አላመለጣትም። ካርታ መሳያ ፕሮግራም ኮምፒውተሯ ላይ ጫነች። ስለ ወንዝ አወራረድና ስለ ከተማ አመሠራረት የሚያወሩ መጻሕፍት ከቤተ መጻሕፍት እየተዋሰች አነበበች። ኢንተርኔት ላይ ለዓለም ፈጣሪዎች የተዘጋጀ ረጅም መጠይቅ አገኘችና አንድም ጥያቄ ሳትዘል መለሰች፤ የንጉሡ ዘውድ ከምን እንደተሠራ፣ ጨረቃዎቹ ስንት እንደሆኑ፣ ሕዝቡ ሲናደድ ምን ብሎ እንደሚሳደብ ሳይቀር። ሁሉም ጠቅሟታል፣ አትክድም። ነገር ግን የምግብ ጠረጴዛው በወረቀት ተይዞ፣ ቤተሰቡ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ መብላት ከጀመረ ቆየ። ባሏ፣ «ግርማዊት ሆይ፣ ከግዛትሽ ላይ ለአንዲት ሳህን የምትሆን መሬት ይፈቀድልኝ» እያለ ያሾፍባታል።

ረቂቋን ያስገባችበት አሳታሚ ድርጅት አርታኢ ግን አላሾፈችም። ረቂቁን አንብባ ጨረሰችና እንቅጩን ነገረቻት።

«አገርሽ ያምራል። ግን ሰው የለበትም፤ ሙዚየም የገባሁ ነው የመሰለኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ አንጀቴን የሚበላ አንድ ሰው ይዘሽልኝ ነይ። ካልሆነ የዘንድሮ ዕቅዳችን ይዘጋል፣ የከርሞውን ደግሞ እኔ እንጃ።»

መነፅር ሠሪዋ አመስግና ወጣች፤ አውቶቡስ ውስጥ ግን ሆድ ባሳት። ይሄም ካልተሳካ ወረቀቷን ጠቅልላ ነገሩን እርግፍ አድርጋ እንደምትተወው ለራሷ ቃል ገባች። ቃሏን የምታጥፍ ሴት ደግሞ አይደለችም።

የቀራት ተስፋ ማኅበሯ ነበር። ማኅበር ማለት ማጋነን ነው፤ እሷን ጨምሮ ሦስት ሰው ነው። አንደኛው ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ በደመና ላይ ስለሚቀዝፉ መርከበኞች ይጽፋሉ። ሌላዋ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ወጣት ናት፤ የእሷ ታሪክ ስለ አንድ ሆዱን የሚያመው ዘንዶና ስለ ሐኪሙ ነው። የተዋወቁት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሦስቱም አንድ መጽሐፍ ሲሻሙ ነው። እሑድ እሑድ በየተራ ቤታቸው ይገናኛሉ፤ አሠራራቸውም የራሳቸው ነው። እዚያ አስተያየት መስጠት የሚባል ነገር የለም። ባለተራው ከጠረጴዛ ኋላ እንደ ሹም ይሰየማል፤ ሌሎቹ የዚያ አገር ነዋሪ ሆነው እየቀረቡ አቤት ይላሉ። ሹሙ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። «አስማት ነው» ብሎ ማምለጥ ክልክል ነው፤ ያመለጠ ሰው ተነሥቶ ሻይ ያፈላል።

ያን እሑድ ተራው የእሷ ስለነበር እሷ ቤት ተሰበሰቡ። መጀመሪያ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው ቀረቡ።

«እመቤቴ፣ እኔ ግንበኛ ነኝ። ግድግዳ ባፈረስኩ ቁጥር የሰው አያት ይሰድበኛል። እንዴት አድርጌ ልሥራ?»

«ከማፍረስዎ በፊት ማስፈቀድ ነዋ።»

«ማንን?»

«አያትየውን።»

«እምቢ ቢለኝስ?»

መነፅር ሠሪዋ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። «ያው… አስማት ነው» አለችና ራሷ ላይ ፈርዳ ሻይ ልታፈላ ተነሣች። ስትመለስ ፋርማሲስቷ እየጠበቀቻት ነበር።

«እኔ ደግሞ አዲስ ሙሽራ ነኝ። የባሌ አክስት ድምፅ መኝታ ቤታችን ግድግዳ ውስጥ ነው። ሌላ አልጨምርም፣ ይገባሻል።»

ሳቅ በሳቅ ሆኑ። እሷም ሳቀች፤ ሳቁ ግን ፍርሃቷን አላወጣላትም። ጥያቄዎቹ ጥሩ ጥሩ ነበሩ፤ አርታኢዋ የፈለገችው ሰው ግን እስካሁን ብቅ አላለም።

አማቷ፣ የባሏ እናት፣ ጥግ ላይ ተቀምጠው ሹራብ ይሠሩ ነበር። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ልብ ወለድ አያነቡም፤ ለምን ሲባሉ «የኖርኩት ይበቃኛል» ነው መልሳቸው። የምራታቸውን ወረቀትም እንደ ቤቱ ዕቃ ለምደውት በጎኑ ያልፋሉ። አሁን ግን ሹራባቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ።

«ልጄ፣ እኔስ አቤት ማለት እችላለሁ?»

«ይችላሉ እንጂ እማዬ፣ ይቅረቡ።»

አልተነሡም። እዚያው እንደተቀመጡ፣ ጨዋታ በማይመስል ድምፅ ጀመሩ።

«እኔ ተከራይ ነኝ። ባሌ የሞተው በኪራይ ቤት ነው። ሐዘኔ ሳይበርድ አከራዩ ልጁን ሊያኖርበት ፈለገና ልቀቁ አለን፣ ለቀቅን። ምን ይደረግ፣ ቤቱ የሱ ነው። ባንቺ አገር ደንብ ታዲያ ባሌ እዚያ ግድግዳ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር። ስሜን ሲጠራ ‹ሄዳለች› የሚለው ሰው እንኳን የለም።» ክሩን ጣታቸው ላይ ጠመጠሙ። «ባለ ቤቱስ የሞተበትን ይዞ ይኖራል። እኛ ተከራዮቹ የሞቱብንን የት እናኑር?»

የሳቀ የለም። መምህሩ መነፅራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር። ፋርማሲስቷ አቀረቀረች። መነፅር ሠሪዋ ስንቱን ንጉሥ ከነዘውዱ ፈጥራ፣ ዕድሜ ልኳን በኪራይ ቤት እየኖረች፣ አገሯ ላይ አንዲት ተከራይ እንዳላሰፈረች ያን ጊዜ ታያት። ሁሉንም ባለ ቤት አድርጋ ነበር የፈጠረቻቸው። አማቷ ይህን ሁሉ ሆዳቸው ውስጥ ይዘው ከእሷ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ አለማወቋ ደግሞ ከምንም በላይ አሳፈራት።

«እማዬ» አለች። «መልሱን እፈልግልዎታለሁ።»

«አይዞሽ፣ አልቸኩልም» አሉና ሹራባቸውን አነሡ።

በማግስቱ ካርታውንም ነገሥታቱንም አልጋ ሥር ከተተቻቸውና በባዶ ወረቀት ጀመረች። አሁን ሰው ነበራት። አንዲት ሴት ባሏ ወደሞተበት የኪራይ ቤት ለመመለስ በእግሯ አገር ታቋርጣለች፤ የታሪኩ ሐሳብ ይኸው ነው። መምህሩ በየቀኑ ስልክ እየደወሉ ሴትዮዋ የምትሄድበትን መንገድ አቀኑላት። ፋርማሲስቷ በምሳ ሰዓቷ ረቂቁን በኮምፒውተር እየጻፈች አገዘቻት። ባሏ፣ እናቱ ስለ አባቱ ያሉትን ስትነግረው፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ከዚያ ወዲህ ሳህን የማጠቡን ነገር ለማንም አልሰጥ አለ። መነፅር ሠሪዋ ይህን ሁሉ ሰው ከየት አገኘሁት እያለች፣ ሱቅ ውስጥ መስታወት ስትሞርድ ሳይቀር በሆዷ ታመሰግን ነበር።

ወሩ ሳያልቅ አደረሰች። አርታኢዋ ደወለችና፣ «ሴትዮዋ በሩን ልታንኳኳ እጇን ስታነሣ ረቂቁን ከድኜ አለቀስኩ። እናትመዋለን» አለቻት። መነፅር ሠሪዋ ልቧ ቅቤ ጠጣ። ሱቁን ለባልደረባዋ ትታ ወደ ቤቷ በረረች።

«እማዬ፣ ሊታተም ነው። የእርስዎ አቤቱታ ነው ያሳተመው፤ ሴትዮዋ በሩን ልታንኳኳ ስትል አርታኢዋ አለቀሰች። እንዴት አድርጌ እንደማመሰግንዎ አላውቅም።»

«እንኳን ደስ አለሽ ልጄ» አሉ አማቷ። «ምስጋናውን ተይውና መልሴን ንገሪኝ። ሴትዮዋ በሩን አንኳኳች፤ ከዚያስ? ያስገቧታል?»

መነፅር ሠሪዋ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ያስገቧታል። ማን እንደሆነች ሳትነግራቸው ያውቋታል፤ ስሟን ከግድግዳው ሲሰሙት ነው የኖሩት። ‹እየመጣች ነው› ይሉት ነበር። ወንበር አምጥተው ግድግዳው አጠገብ ያስቀምጧታል። ከዚያ ልጆቻቸውን ይዘው ይወጡና በሩን ዘግተው ሁለቱን ብቻቸውን ይተዉአቸዋል።»

አማቷ ሹራባቸውን አስቀመጡ። እጃቸውን ምራታቸው እጅ ላይ አኖሩት።

«እግዜር ይስጣቸው» አሉ። «ጨዋ ሰዎች ናቸው። ተከራይዋ አመሰገነቻችሁ በያቸው።»