በአንድ ዓይን የተሣለ ባል

ሠርካለም የባሏን ፊት ረሳችው። ጎኑን ታስታውሳለች፤ ወጣ ያለ ግንባሩን፣ የአፍንጫውን ጉብታ፣ ጆሮው ሥር ያለችውን ጠባሳ። ዞሮ ሲያያት የነበረውን መልኩን ግን አጣችው።

ባሏ ክንዴ ሳንቃ በር በሚባለው የተራራ ሰፈር የቱሪስት ጓዝ በበቅሎ የሚያመላልስ ሰው ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ስንቅ ጭኖ ወጣ፤ በቅሎዋ ብቻዋን ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ሠርካለም ወሬ አላጣችም። አንዱ ቆስሎ አይቼዋለሁ ይላል፤ ሌላው መተማ በኩል የቀን ሥራ ሲሠራ አየሁት ይላል። ፎቶዎቹ ሁሉ ስልኩ ውስጥ ነበሩ፤ ስልኩን ደግሞ ይዞት ሄዷል።

ስለዚህ መሣል ጀመረች። ማንም አላስተማራትም። ደባርቅ ውስጥ ልብስ የምታጥብበት ሎጅ እንግዳ ሲያጣ የሚታጠብ አንሶላም ጠፋ፤ ቀኑ ረዘመባት። የሲሚንቶ ከረጢት ቀዳ ትዘረጋለች፤ ከሊማሊሞ መንገድ ዳር የዛቀችውን ቀይ አፈር በእንቁላል አስኳል ትለውሳለች፤ ለጥቁሩ ከሰል አለ። መጀመሪያ የሣለችው ሰው ድንች ይመስል ነበር። እሱን ጥላ ሌላ ሣለች። አሁን የኪራይ ቤቷ ግድግዳ ክንዴ በክንዴ ሆኗል፤ በቅሎ ሲጭን፣ ደጃፍ ተቀምጦ ጭጋጉን ሲያይ፣ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያስር። ሁሉም በጎን። ሥዕሉ ሐዘኗን አልሻረላትም፤ ቀኑን ግን ያስመሽላት ነበር።

አማቷ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ከዳባት የመጡት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ገና ሳይቀመጡ ጉዳያቸውን ተናገሩ።

“ነገ እርሙን እናወጣለን። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ዘመድ ተጠርቷል።”

“ሬሳውን ያየ ሰው የለም እኮ፣ እማማ።”

“በሕይወት ያየውም የለ፤ ወሬ ብቻ ነው። እኔ ዛሬ ነገ የምባል ሰው ነኝ። እርሙን ሳላወጣ ብሞት ማን ያለቅስለታል? አንቺ እንደሁ ማልቀሱን ትተሽ ግድግዳ ታቆሽሻለሽ።”

“አላቆሸሽኩም።”

“እንግዲያው ከልብሱ ጋር ድንኳን ውስጥ የሚቆም አንድ ሥዕል ስጪኝ። ዳባት ሁሉ ‘ምራትሽ ሠዓሊ ሆነች አሉ’ እያለ ይስቅብኛል፤ እስቲ ለቁም ነገር ይዋል።”

ምርኩዛቸውን ይዘው ግድግዳውን ዞሩት። በዞሩ ቁጥር ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ።

“ሌላው ዓይኑ የት ሄደ?”

“በጎን ነዋ የሣልኩት።”

“ቤተ ክርስቲያን ገብተሽ አታውቂም? በአንድ ዓይን የሚሣል ሰይጣንና ይሁዳ ነው። ልጄ ማንን ሸጠ?”

ሠርካለም ልትስቅ ነበር፤ የአሮጊቷን ፊት አይታ ተወችው። የሚዋሽ ነገር አልመጣላትም።

“ፊቱ ጠፋኝ፣ እማማ። ዓይኔን ስጨፍን ጎኑ ብቻ ነው የሚመጣ።”

አማቷ አልተቆጡም። አልጋው ጫፍ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

“ለኔ ደግሞ የፊት ጥርሱ የወለቀ ልጅ ሆኖ ነው የሚመጣ” አሉ። “ጢም ያወጣውን ክንዴን ብፈልገው፣ ብፈልገው የለም። ለሰው ተናግሬው አላውቅም።”

ውጭ የሚኒባስ ረዳት ዳባት ጎንደር እያለ ይጣራል።

“ሰው ሁሉ መልኩ የእናቱ ነው ይል ነበር” አሉ አሮጊቷ። ሻሻቸውን ፈቱና ወደ ብርሃኑ ዞሩ። “እኔን ሣዪ። ሽብሽቡን ተዪው፤ ጢም ጨምሪበት።”

ሣለች። አሮጊቷ ዝም ብለው መቀመጥ አልሆነላቸውም።

“አፍንጫዬን እንዳታሳንሺው።”

“አይናገሩ፣ አፍዎን እየሣልኩ ነው።”

“እሱ መቼ ዝም ብሎ ያውቅና።”

ሲያልቅ ሠርካለም ከረጢቱን አንሥታ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። ሁለት ዓይን፣ ቀጥ ብሎ የሚያይ፣ ጢሙ ያማረ ሰው። አማቷ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። “ክንድዬ” አሉ፤ “ክንድዬ፣ አንተ የኔ ጌታ።” ቀስ እያሉ ማልቀስ ጀመሩ፤ ልቅሶው የሚያቆምም አይመስልም።

ሠርካለም ጠበቀች። አንድ ጊዜ ብቻ ዞር ብሎ እንዲያያት ስንት ከረጢት ጨርሳለች። ይኸው አሁን ያያታል። ግን አያውቃትም፤ መንገድ ጠፍቶት ሊጠይቃት የቆመ እንግዳ ይመስላል። ክንዴ አይደለም። ይህን ለአማቷ አልነገረቻቸውም። ልጃቸውን አግኝተዋል፤ ያገኙትን መቀማት ምን ያደርግላታል? እሷም ሥዕል ስጪኝ ስትባል በልቧ እምቢ ያለችው፣ ባሌን በእጄ አልቀብርም ብላ ነበር። ይህን ሰው ግን መስጠት አልከበዳትም። ሥዕሉን ጠቅልላ በክር አሰረችው።

“ትመጫለሽ?” አሉ አማቷ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

“እመጣለሁ። ለእርስዎ ስል።”

“ነጠላሽን ዘቅዝቂው እንግዲያ። ባሏ የሞተባት ሴት እንዲህ አትሄድም።”

“እንዲህ ነው የምሄደው፣ እማማ።”

አሮጊቷ ሥዕሉን አቅፈው ቀድመው ወጡ። ሠርካለም የነጠላዋን ጥለት እንደ አዘቦቱ ወደ ታች አድርጋ ተከተለቻቸው፤ በሩንም፣ ድንገት ቢመጣ ብላ፣ ሳትቆልፈው ዘጋችው።