አባቴን እንግዳ ያደረገው ጉበን

አባቴ ኢንታ ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ቤቱን የሚያየው በእጁ ነው። ወደ እልፍኙ ሊገባ ሲል ደፉን በእግሩ ይፈልግና እጁን ወደ ላይ ሰድዶ ከበሩ በላይ ያለውን የተቀረጸ ጉበን ይዳብሳል። ሐረጉን፣ አበባውን፣ መሃል ላይ ያለችውን ስንጥቅ። «አለህ?» ይለዋል እንደ ባልንጀራው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ይገባል። እናቴ በሕይወት ሳለች «እኔን አንድ ቀን እንዲህ ብለኸኝ አታውቅም» እያለች ትቀናበት ነበር።

ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ፤ እኛ ላምፓንግ ያለን ሰዎች ያንን ጉበን የቤቱ ጌታ ወንድነት ነው እንለዋለን። ልኩም የእሱው ነው። ቤት የሚሠራ ሰው ሳንቃው ላይ ተረከዙን ከአውራ ጣቱ እያስከተለ ይረግጣል፤ አናጢው በዚያው ልክ ይቆርጣል። ሰውዬው ሲሞት ወይም ቤቱ ሲሸጥ ደግሞ አዲሱ ባለቤት ጉበኑን በዱላ ይቀጠቅጠዋል፤ የቀድሞው ጌታ ኃይል ወጥቶ እንዲሄድ። ከተቀጠቀጠ በኋላ የቀድሞው ሰው እዚያ ቤት ውስጥ ድርሻ የለውም፤ አለቀ።

ልጄ ዳሪን ይህን ሁሉ ታውቃለች። ባንኮክ ሄዳ የተማረችው ይህንኑ ነው፤ የጥንት ሰው ቤቱን በምን እንዳስጌጠ፣ የዛሬ ሰው ደግሞ ከዚያ ምን ሊወስድ እንደሚችል። ወንዙ ዳር የሚከፈተውን የእንግዳ ማረፊያ ውስጡን እንድታሳምር ሥራ አገኘችና በደስታ እየፈነጠዘች መጣች። አያቷን ከልቧ ትወደዋለች፤ ይህን ልክድባት አልችልም።

«እማ፣ ሰው እኮ ነጭ ግድግዳ ሰልችቶታል። የዛሬን ቤት የሚያሳምረው የትናንቱ ነው። የአያዬን ጉበን እዚያ ብሰቅለው ሰው ሁሉ አፉን ነው የሚከፍተው» አለችኝ።

«የትናንቱ ሰውዬ ገና አልሞተም። ያውልሽ፣ በረንዳ ላይ ሚያንግ ቅጠሉን እያኘከ ነው!»

«ኧረ እማ፣ አንቺ ደግሞ!»

አባቴ ጆሮው ቀጭን ነው፤ ሰማን። «ዳሪንዬ» አላት እየሳቀ፣ «ስሞት ትወስጂዋለሽ። እስከዚያ ግን ከሱ ስር ልግባ፣ ከሱ ስር ልውጣ። ሬሳዬም ከሱ ስር ይውጣ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።» እሷም ጉንጩን ሳመችውና እሺ አለች። እኔም ነገሩ እዚያው ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

በዝናቡ ወራት በተቀደሰው ቀን ሽማግሌዎች የሚያድሩት መነኮሳቱ ዘንድ ነው። እኔም እንደ ወጉ አባቴን ይዤ ሄድኩና በማግስቱ ተመለስን። ደፉን ፈለገ፣ እጁን ወደ ላይ ሰደደ። «አለህ?» አለ። እጁ እዚያው ደርቆ ቀረ።

«ቡዋቺን፣ ይሄ ማነው?» አለኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። ሐረጉ ያው፣ አበባው ያው፣ ስንጥቋ እንኳ ሳትቀር ያችው። «ምን ሆነሃል አባዬ፣ ያው ጉበንህ ነው» አልኩት። «አውርዱልኝ» አለ። ዳሪን ከማድ ቤት ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል። አውርደን ወለሉ ላይ አስቀመጥንለት። እሱም ግድግዳውን ተደግፎ ተረከዙን ከጣቱ እያስከተለ እስከ ጫፉ ረገጠው። ሳንቃው ከእግሩ ተረፈ።

«የማን እግር ነው ይሄ?» አለ።

ዳሪን እግሩ ላይ ተደፋች። «ለማረፊያው ምርቃት ብቻ ነው አያዬ፤ ሰው ፎቶ እስኪያነሳ። አስመስዬ አስቀረጽኩልህ፣ አይታወቅም ብዬ...»

«ዓይን ላለው አይታወቅም» አላት። «በይ የኔን አምጪልኝ።»

መንገዱን ሙሉ ስሰድባት ሄድኩ። ምነው በሆዴ ባልተሸከምኩሽ አልኳት፤ ይህንንም ያህል ብያት አልወጣልኝም። ማረፊያው ስንደርስ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያምራል። ሰፌድ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ የጎሽ ቃጭል የበር መጥሪያ ሆኗል፣ ከጋሪ መንኮራኩር ላይ መብራት ተንጠልጥሏል። የአባቴ ጉበን ደግሞ መጠጥ ከሚቀዳበት ባንኮኒ በላይ ነው። እዚያ የሚሠራው አናጢ ሎን የሰፈራችን ልጅ ነው፣ ለሥራ ከሰፈሩ ከወጣ ግን ዓመታት አልፈዋል፤ ሲያየን እጆቹን አጋጥሞ እጅ ነሳ።

«አይዟችሁ፣ በወጉ ነው የሸኘናቸው» አለ።

«ማንን?» አልኩት።

«ፖ ኢንታን ነዋ፣ አባታችንን። የአያቴ ነው ስትለኝ ሙሉ ሠራተኛውን ጠራሁ። ሳይቀጠቅጡ ዝም ብሎ መስቀል ነውር አይደል? ዱላ እየተቀባበልን፣ "በሰላም ሂዱ፣ ወደዚህ አይመለሱ" እያልን መታነው። ስናደርገው አንድም ሰው አልሳቀም።»

«አባቴ ቤት ቁጭ ብሎ እየጠበቀን ነው» አልኩት።

«በሕይወት ያለ ሰው ጉበን ማን ያወርዳል?» አለ ሎን። ዱላውን ያነሳው ለአባቴ ክብር ብሎ ነው። እሱን እንዴት ልስደበው? ጉበኑን አውርድልን አልኩት።

ስንመለስ ዳሪን «እማ፣ የተመታበትን በሰም ልድፈነው፤ አትንገሪው» እያለች ለመነችኝ። «አሁንም ጣቱን ልታታልዪ ነው?» አልኳት። ጉበኑን አምጥተን ጭኑ ላይ አስቀመጥንለት። ጣቶቹ ሐረጉ ላይ ሄዱ፣ አበባው ላይ ደረሱና ቆሙ። የዱላውን ጠባሳ አንድ በአንድ ዳበሰው። «አለህ?» እስኪለው ጠበቅሁ፤ አላለውም።

«በደንብ ነው የመቱት» አለ። «ማነው?»

«የሰፈሩ ሎን ነው አባዬ። የሞትክ መስሎት...»

«አባቱም ጎበዝ አናጢ ነበር» አለና ጉበኑን መለሰልኝ።

ቢጮህ፣ ቢረግመን፣ በዱላው ራሳችንን ቢለን ምን ነበረበት! ጉበኑን ቦታው ሰቀልነው፤ እሱ ግን ወደ እልፍኙ ዝር አላለም። ምንጣፉን በረንዳ ላይ አስነጠፈ። ሎን አበባና ሻማ ይዞ መጥቶ ተንበረከከ። «ፖ፣ እግርዎን ይስጡኝና አዲስ ልቁረጥልዎ» አለው።

«አንተ ልጅ፣ እግር የሚለካው ቤት ሲሠራ ነው። ያኔ ሳንቃውን የያዘችልኝ ሚስቴ ናት። አሁን ማን ይይዝልኛል?» አለና ጀርባውን ሰጠው።

ዝናቡ በረንዳው ላይ ያርሰዋል፤ ከሩዙም ቆንጥሮ ይተወዋል። «አባዬ፣ ቤትህ እኮ ነው!» አልኩት አልቅሼ። «ነበረ» አለኝ። አእምሮው ተነክቶ ቢሆን እንኳ በተጽናናሁ። ግን ከሁላችንም ጤነኛ እሱ ነው፤ ለዚህም ነው ምንም መላ ያጣሁለት።

ትናንት አመሻሹ ላይ ዱላውን ይዞ ብቻውን ደረጃውን ወረደ። ከደረጃው ስር ካለው ጋን ውሃ ቀድቶ እንደ እንግዳ እግሩን ታጠበ። ካፊያው እየወረደበት ፊቱን ወደ ቤቱ አዙሮ፣ ሰው አዲስ ጎጆ የወጡ ባልና ሚስት ዘንድ ሲሄድ እንደሚለው ተጣራ።

«ቤት ለእምቦሳ!»

እጆቹ የቀረጹት ቤት ነው፤ እኔ የተወለድኩበት። ዝም ልለው አሰብኩ። ዝም ካልኩ እንግዳ አይሆንም ብዬ። እሱ ግን ካፊያው ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል። ሽማግሌ ዝናብ ላይ ይተዋል እንዴ?

«እምቦሳ እሰሩ» አልኩት፣ አባቴን።

ወጣና እንግዳ በሚቀመጥበት ጥግ ላይ ተቀመጠ። «እሜቴ፣ ለመሸበት ሰው ማደሪያ አይጠፋም?» አለኝ።

«አይጠፋም» አልኩና የእንግዳውን ምንጣፍ አነጠፍኩለት። ዳሪን እያለቀሰች ትራስ አመጣችና ከራሱ ስር አደረገችለት። እጇን ፈልጎ ያዘው፤ ደግ እንግዳ እንደሚያደርገው መታ መታ አደረገላት።

«ተባረኪ» አላት። «የማን ልጅ ነሽ?»