እስኪረጋ ድረስ

ወንድሜ ሞገስ ካራቆሬ ቤቱ ታሞ በተኛ ጊዜ ከእግዚአብሔር የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሚሞት ከሆነ ዓይኑ ሳይከደን እንድደርስ። ይድናል ብዬ አላሰብኩም። እኔ ሰው ሲያስነጥሰው እንኳ የማስበው መቃብሩን ነው።

ሕመሙ ደግሞ መላ አልነበረውም። ጠዋት አበቃለት ይባላል፣ ከሰዓት ተቀምጦ ሾርባ ይጠጣል። አንድ ቀን "ጠንቶበታል" ሲሉኝ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ከሸዋ ሮቢት ካራቆሬ ድረስ ሚኒባስ ውስጥ እያለቀስኩ ሄድኩ። እሱ ትራስ ተደግፎ ሙዝ ይበላል።

"እህት ዓለም፣ ንፍሮው በስሏል እንዴ?" አለኝ።

ጠያቂው ሁሉ ሳቀ። ሚስቱ ብርሃኔ ግን አልሳቀችም። ከዚያ ወዲያ ስለ እሱ የሚደወለው ለእኔ ሳይሆን ለልጄ ለናርዶስ እንዲሆን ተስማሙ። እሷ አጣርታ ትነግረኛለች ተባለ።

ናርዶስ የምትሠራው የክሊኒኮችን ኮምፒውተሮች በኔትወርክ የሚያገናኝ የግል ድርጅት ውስጥ ነው። በዚያው ሰሞን የካራቆሬው መስመር አስቸግሯት ነበር። ምሳ ላይ፣ ሙቀቱ አላስበላ ብሎን ተቀምጠን ሳለ፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

"ራውተር የሚባሉት መሣሪያዎች ስለ መንገድ ይነጋገራሉ፣ እማዬ። መብራት ሲጠፋ አንዱ 'የካራቆሬ መንገድ ተቆርጧል' ይላል። ጎረቤቱ ተቀብሎ ለሌላው ይናገራል፤ ሁሉም ሌላ መንገድ መፈለግ ይጀምራሉ። ፈልገው ሳይጨርሱ 'ተመልሷል' ይላል። ደግሞ 'ተቆርጧል'። ሥራቸው ወሬ ብቻ ሆነ።"

"ታዲያ ምን አደረግሽ?"

"ጊዜ ሰጠኋቸው። መንገዱ ቢቆረጥም ቢመለስም እስኪረጋ ጠብቁ፣ ከዚያ ተናገሩ አልኳቸው። አሁን ሰላም ናቸው።"

"እስኪረጋ ድረስ የተላከውስ የት ይገባል?"

"አንዳንዱ ይጠፋል።" ሳቀች። "አንቺ ራውተር ብትሆኚ ኖሮ እኮ ይፋትን በሙሉ ድንኳን ታስተክይው ነበር!"

ቀጥሎ ያለውን የሰማሁት ኋላ ነው። ሐሙስ ጠዋት ብርሃኔ ደወለችላት። "ጋሼሽ ደክሟል፣ እናትሽን ይዘሽ ነይ" አለቻት። ናርዶስ ልትነግረኝ ስትነሳ ስልኩ እንደገና ጮኸ፤ ተሻለው፣ ውሃ ጠጣ ተባለ። ወደ ቀትር ደግሞ ደከመ። ልጄ ይህን ሁሉ ይዛ ዝም አለች። መሥሪያ ቤት የያዘላት ዘዴ ለእኛም ቤት የሚሆን መሰላት። ስትመጣ "ሞገስ እንዴት ዋለ?" ብላት "ደህና ነው፣ ትንሽ እየጠበቅን ነው" አለችኝ። ዓይኗን ግን አሸሸችብኝ።

ማምሻውን ሞተ። መርዶ ደግሞ ጎረቤት ተሰብስቦ ማለዳ ነው የሚነገረው፤ ወሬው የደረሳቸው ጎረቤቶቼም እስኪነጋ ጠበቁ። ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ከዲጃ ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላዋ፤ የሰፈራችን ሹፌር የጀይላን ሚኒባስ ሞተሩ ሳይጠፋ ደጅ ቆሟል። ለምን መጣችሁ አላልኩም።

"ሶብር አድርጊ፣ ቻይው እህቴ" አለች ከዲጃ ክንዴን ይዛ።

ካራቆሬ ስንደርስ ብርሃኔ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። "ቀኑን ሙሉ በር በሩን ሲያይ ዋለ" አለችኝ። "'ዛሬስ እያለቀሰች ብትገባም አልስቅባትም' አለ።"

ከቀብር መልስ ናርዶስ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች።

"ሦስቴ ተደወለልኝ፣ እማዬ። አንዴ ተሻለው ሲሉኝ... እስኪረጋ ብዬ ነው። እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።"

ራሷን ጭኔ ላይ አስተኝቼ ፀጉሯን ዳበስኩ።

አሁን ሁሉን ወዲያው ትነግረኛለች። ራሷን ሲያማት ትደውላለች፣ ሲተዋትም ትደውላለች። በደወለች ቁጥር ልቤ ይወርዳል፤ ተዪ ግን አልላትም። "አላጠፋሽም" የሚለውንም እስከ ዛሬ አላልኳትም።