የሽማግሌው ፊኛ

ጓደኛዬ ዳኜ ፅዮንን ለትዳር ለመጠየቅ ሽማግሌ ሲፈልግ እኔን መረጠ። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ሞላሌ ከተማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ፅዮንን ደግሞ እሱ ስሟን እንኳ ከማወቁ በፊት ጀምሮ እወዳታለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእሷም ጭምር።

«ሙሌ፣ የተማረ ሰው ሲኖርበት ነገሩ ያምራል፤» አለኝ አዲሱን ኮቱን እያስተካከለ። ኮቱ ልክክ ብሎበታል። ይህም አናደደኝ።

በእኛ ዘንድ ሽማግሌ መልስ ሳይሰማ አይቀመጥም። አንዱ በመሀል ደጅ ከወጣ ደግሞ ገዱ አያምርም ተብሎ ነገሩ ለከርሞ ይተላለፋል። እኔም የምፈልገው ይህንኑ አንድ ዓመት ነበር። ስለዚህ ጠዋት ሦስት ጣሳ ጠላ ገለበጥኩ።

ለተማሪዎቼ እንዲህ ነው የማስተምረው፦ ፊኛ ሲሞላ ጡንቻው ዘና ብሎ ይለጠጣል። ነርቮች በሕብለ ሰረሰር በኩል «ሞልቷል» ብለው ለአንጎል ይነግሩታል። አንጎልም «ቆይ፣ ቦታው አይደለም» ብሎ የታችኛውን በር ያስይዛል። እኔ ያን ቀን በሩን መያዝ ያቃተኝ መስዬ ልወጣ አስቤ ነበር። ቀናተኛ ከምባል በሽተኛ ልባል።

ከፅዮን አባት ከጋሽ ወዳጆ ፊት ቆምን። ከእኔ ጋር የተላኩት መሪጌታ አትናቴዎስ ነገሩን ከአዳም ጀመሩት። የጥፋት ውሃ ላይ ሲደርሱ ፊኛዬ ጮኸ። ልወጣ ዞር ስል ፅዮን በጓዳው መጋረጃ ሥር ታየናለች፤ ከንፈሯን ነክሳለች። ጭንቀቷ ለዳኜ መሆኑ ገባኝ። ይባስ ቀናሁ። ግን እሷ እያየችኝ ሽንቱን መያዝ ያቃተው ሰው ልሁን? እግሬ እምቢ አለ። የታችኛውን በር ጨበጥኩት።

ለካ የተቸገርኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ጋሽ ወዳጆ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ጎናቸው ይቁነጠነጣሉ። ሽማግሌ አቁሞ መውጣት ደግሞ ለባለቤቱም ነውር ነው።

«እንግዲህ ዘመድ ላማክር፤» አሉ ተጣድፈው።

«ማማከርማ ደግ ነው! ርብቃም ስትጠየቅ…» ብለው መሪጌታ አዲስ ምዕራፍ ከፈቱ።

«ርብቃን እዚያው ይተዉልኝ! ሰጥቻለሁ! ተቀመጡ!» ጋሽ ወዳጆ ጋቢያቸውን ሰብስበው በረሩ።

ጓዳው በእልልታ ተናጋ። እኔም ተከትያቸው ወጣሁ።

ከግቢው የድንጋይ ካብ ጀርባ ጎን ለጎን ቆምን። የእሳቸው ወዲያው ወረደ። የእኔ ጠብታ አልወጣም። የተጨነቀ ሰው ነርቭ በሩን ይቆልፋል፤ ይህንንም አስተምራለሁ።

«አንተ ልጅ፣» አሉኝ እፎይ ብለው፣ «አይቼሃለሁ። ፊትህ እንደ በርበሬ ቀልቶ ንቅንቅ አላልክም። ለወዳጁ እንዲህ የሚቆም ሰው ካለው፣ ዳኜም ደህና ልጅ መሆን አለበት ብዬ ነው የሰጠሁት።»

«አመሰግናለሁ፣ ጋሼ፤» አልኩ።

ካቡን እያየሁ ቆምኩ። አሁንም ጠብ የሚል የለም።