የኵሓው ፍርስራሽ

የጎብኚዎቹ መርከብ ጅቡቲ ላይ መልሕቋን ጥላለች። ከመንገደኞቿ ጥቂቶቹ ግን በማለዳ በአውሮፕላን ተነሥተው መቐለ አሉላ አባ ነጋ ማረፊያ ወርደዋል። ውቅሮ አጠገብ ያለውን የጨረቃ አምላክ መቅደስ ፍርስራሽ ያያሉ፤ ከዚያ መቐለ ሓድነት ሰፈር ካለው የስፌት ሱቅ ይገዛሉ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም ይመለሳሉ።

አስጎብኚያቸው ሽሻይ ነው፤ በዩኒቨርሲቲ ጥንታዊ ታሪክ ያስተምር የነበረ። ሥራውን ሲቀበል የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የመጨረሻው ማረፊያ የታላቅ እኅቱ የኣረጋሽ ሱቅ እንዲሆን። ኣረጋሽ በጦርነቱ ቤቷንም ባሏን ሃፍታይንም አጥታ፣ ከመሰሎቿ ጋር መሶብ እየሰፋች ነው የቆመችው። ገዢ ከጠፋ ከርሟል፤ ዛሬም ካልመጣ ሱቁ ይዘጋል። ጠዋት ደውላ፣ «ሕምባሻውን ጋግረናል። እንግዳ ቤት ሳይገባ ቢላ አይነካውም» ብላዋለች።

ከአዲስ አበባ የመጣው የጉዞ ወኪሉ ተቆጣጣሪ ወንድሜነህ ገና ሲነሡ አስጠንቅቆታል።

«መምህር፣ ስለ ጦርነቱ ትንፍሽ እንዳትል። ሰዎቹ የከፈሉት ለሽርሽር ነው፤ ለለቅሶ አይደለም።»

«እኛ ዘንድ ለቅሶ በነፃ ነው» አለው ሽሻይ።

መቅደሱ ዘንድ ስለ መሠዊያውና በድንጋዩ ላይ ስለተቀረጸው የሳባ ጽሑፍ ሲያስረዳ ድምፁ የድሮ ግርማውን አገኘ። «ከዚህ ጠጠር ማንሣት በሕግ ያስቀጣል» ሲል፣ ሰፊ ባርኔጣ የደፉ አንዲት አሮጊት በእጃቸው የያዙትን ጠጠር አፍረው መለሱ። እንግዶቹ ግን ከፍርስራሹ አልላቀቅ አሉ። ሲመለሱ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች።

«ሱቁን በጥድፊያ ነው የምናየው» አለ ወንድሜነህ።

መቐለ መዳረሻ ላይ ካለችው ኵሓ ሲደርሱ አሮጊቷ በመስኮት አመለከቱ። ጣሪያ የሌለው ግንብ፣ የጠቆረ መስኮት፣ ወለሉ ላይ የበቀለ ሣር።

«ይህስ ፍርስራሽ የማን ዘመን ነው?»

ሽሻይ ዞሮ ማየት አላስፈለገውም፤ የኣረጋሽ ቤት ነው። ወንድሜነህ ከፊት ወንበር አፈጠጠበት። እውነቱን ቢናገር ጉዞው ያበቃል፤ ሱቁም ይቀራል። ቶሎ ለማለፍ ብሎ፣

«የጥንት ነው» አለ፤ «ማን ይኖርበት እንደነበረ አይታወቅም።»

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል። እነዚህ ሰዎች የጥንት የተባለን ነገር አይተው እንደማያልፉ ከማንም በላይ ማወቅ የነበረበት እሱ ነበር፤ ባሕር ተሻግረው የመጡት ለዚሁ አልነበረምን? «ይቁም! ይቁም!» የሚል ጩኸት ተነሣ፤ አውቶቡሱም ቆመ።

ሃፍታይ አመሻሽ ላይ ይደገፈው የነበረውን መቃን እየተደገፉ ፎቶግራፍ ተነሡ። አሮጊቷ ከዐመዱ ውስጥ ገል አገኙ፤ የጠዋቱን ማስጠንቀቂያ አስታውሰውም በትሕትና ጠየቁ።

«ይህንን መውሰድ ይከለከላል፣ አይደል?»

ሽሻይ ገሉን ዐወቀው። በየፋሲካው እጁን የከተተበት ወጥ መሥሪያ ነው።

«የሚከለክል ሕግ የለም» አለ። ኵሓ ከደረሱ ወዲህ የተናገረው የመጀመሪያ እውነት ይህ ነበር።

ስልኩ ጮኸ፤ ኣረጋሽ ናት።

«ሽሻይ ሓወይ፣ የት ቀራችሁ? ሴቶቹ በር በሩን እያዩ ዐይናቸው ሊወጣ ነው።»

«ኵሓ ነን።»

«ኵሓ ምን አለና?»

«ቤትሽን እያዩ ነው።»

ከወዲያ ማዶ የሴቶቹ ሣቅና ጫጫታ ይሰማል።

«ምን አሉ?» አለች።

«ወደዱት።»

ወንድሜነህ ደስታው ፊቱ ላይ እየፈሰሰ መጣ። «መምህር፣ ጊዜ አልቋል፤ በቀጥታ ወደ አውሮፕላን! ሱቁ ይቅር። ይልቅ ይህችን ፍርስራሽ ለሚቀጥሉት እንግዶችም በጉዞው እናስገባታለን፤ አየሃቸው አይደል?»

ሽሻይ ስልኩን ከጆሮው አላነሣም ነበር። ኣረጋሽም ሁሉንም ሰምታለች።

«እንግዲያስ» አለች ቀስ ብላ፣ «እንግዶቹ ቤቴ ገብተዋል።»

ፊቷን ወደ ሴቶቹ ስትመልስ ድምፅዋ ራቀ።

«ቁረሱት» አለቻቸው።