ያልተመለሰችው ቁልፍ

አባዬ ቀዶ ጥገና ሊገባ ነው፤ እኔ አልጋው ጥግ ተቀምጬ ከአንዲት ቁልፍ ጋር ግብግብ ይዣለሁ። አንደበቱ ከተያዘ ወዲህ የሚናገረው እኔ በሠራሁለት ፕሮግራም ነው። ታብሌቱ ላይ ቁልፍ ይነካል፣ ታብሌቱ ይናገርለታል። «ውሃ»፣ «አመመኝ»፣ «ቴሌቪዥኑን ዝጉልኝ፣ ጆሮዬን በላው»። ዛሬ ጠዋት አሮጌው ታብሌት ወድቆ እንክትክት አለ። ደግነቱ ቁልፎቹን በፋይል አስቀምጫቸው ስለነበር አዲሱ ላይ መለስኳቸው። አንዷ ግን አልመለስ አለች፤ ታላቅ እህቴን የሚጠራባት።

ያቺ ቁልፍ ስትነካ የሚሰማው የማሽን ድምፅ አይደለም። የራሱ የአባዬ ነው፤ ደህና ሳለ ስልኬ ላይ ከተወው መልእክት ቆርጬ ያስገባሁት። «አለሜ!» ይላል። ከሱ በቀር እንዲህ ብሎ የሚጠራት የለም። አሁን ባዶውን ቦታ በጣቱ ይመታል፣ አጠገቤ የቆመችውን እህቴን ያያል፣ ደግሞ ይመታል።

«በቃ ከስልክሽ አሰሚው» አለች እህቴ።

«የሚጠራሽ እሱ ነው ወይስ እኔ?» ጮህኩባት።

«አስቀምጬዋለሁ አላልሽም እንዴ?»

«ድምፁን የሚያሰማው ትእዛዝ ራሱ ፋይሉ ላይ አይቀመጥማ! ፋይሉ የሚይዘው ስሙን ብቻ ነው። ሲመለስ ፕሮግራሙ ውስጥ በዚያ ስም ይፈልገዋል። አሁን ‹እንዲህ የሚባል የለም› ይለኛል። በገዛ እጄ የጻፍኩትን!»

እህቴ የማተሚያ ቤት አራሚ ናት፤ የሱቅ ማስታወቂያ እንኳ ሳታርም አታልፍም። ባለፈው ሰሞን፣ አሁን አዲሱ ታብሌት ላይ የጫንኩትን የፕሮግራሙን ቅጂ ስሠራ አጠገቤ ተቀምጣ ፊደል ስትለቅምልኝ ነበር። ጎንበስ ብላ ስክሪኑን አየችና ፊቷ ጠቆረ።

«አርሜዋለሁ» አለች ቀስ ብላ። «‹አለሜ›ን በአልፋው አ ጽፈሽው ነበር። ዓለም በዓይኑ ዓ ነው ብዬ…»

ለጆሮ ያው ነው። ለማሽኑ ግን ሌላ ስም ነው፤ ፋይሉ የያዘው የድሮውን፣ ያልታረመውን ነው።

«አንቺ ሴትዮ፣ እርማትሽ አንድ ቀን…» ብዬ ልወርድባት ስል እንባዋን አየሁና ዋጥኩት።

ነርሷ ብቅ አለች። «እንውሰዳቸው?»

«እባክሽ፣ አንዴ ብቻ» አለቻት እህቴ። ወደኔ ዞረች። «ስህተቱን መልሺው።»

ይህን ከሷ አፍ እሰማለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ፕሮግራሙ ውስጥ አንዷን ፊደል ቀየርኩና ፋይሉን እንደገና ከፈትኩት። ቁልፏ ቦታዋ ላይ ቁጭ አለች።

አባዬ ነካት። «አለሜ!»

«አቤት፣ አባዬ!»

ደግሞ ነካት። ደግሞ «አቤት» አለችው። አልጋው በኮሪደሩ ሲገፋ «አመመኝ» ማለት ይችል ነበር፤ አላለም። እሷን ብቻ ጠራ።

በሩ ጋ ነርሷ ታብሌቱን ከእጁ ተቀብላ ሰጠችኝ፤ ውስጥ አይገባም። አባዬ አንገቱን ወደኛ አዞረ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም።

«አቤት» አለች እህቴ።