ለዳርላ ጣት የለዘበ ምላጭ

ቨርሊን ሃስኬት ሽጉጥ አይሠራም ነበር፤ የተሠራውን ያርም ነበር እንጂ። የእኔ የከብት መኖ መደብር ከቤቱ ፊት ለፊት ስለሆነ፣ የቆርቆሮ ክዳን ያላት የሥራ ክፍሉ ስትከፈትም ስትዘጋም አያለሁ። እኛ ዋዮሚንግ ውስጥ ጠመንጃ የሌለው ቤት ፈልገህ አታገኝም። ሰው ግን ከሌላ አውራጃ ድረስ ነድቶ ወደ ቨርሊን የሚመጣው የሽጉጡን ምላጭ ለማስለዘብ ነበር።

የዛሬ ጊዜ ሽጉጥ አብዛኛው ከኋላው ብቅ የሚል መዶሻ የለውም። ጥይቱን የሚመታው መርፌ ውስጥ ተደብቆ፣ በሞላ ተወጥሮ ይቀመጣል። ምላጩን ስትስበው መጀመሪያ ትንሽ ልል ነው፤ ቀጥሎ እንደ ግድግዳ ይገትርሃል፤ ግድግዳውን ገፍተህ ስታልፍ መርፌው ይወነጨፋል። ከፋብሪካ ሲወጣ ይህ ሁሉ ሻካራ ነው፤ አሸዋ የገባበት ይመስል ጣትህ ሥር ይንገጫገጫል። ቨርሊን ብረቱን ፈታቶ፣ እርስ በርስ የሚፋተጉትን ጥቃቅን ክፍሎች በመሳያ ድንጋይና በዘይት እያሸ መስታወት ያስመስላቸዋል።

"ቀላል ምላጭና ጥሩ ምላጭ አንድ አይደሉም" ይል ነበር። "ቀላሉ አንተ ሳታስብ ይተኩሳል። ጥሩው አንተ ስታስብ ብቻ ነው።"

አንድ ልጅ ነበረው፤ ሮይስ። ሮይስ የጠጠር ማምረቻው የሠራተኞች አለቃ ነው፤ እሳት ሲነሳ ደግሞ በፈቃደኝነት ከሚሮጡት አንዱ። ሳቂታ ነው፤ መደብሬ ሲመጣ ጆንያ ሳልጠይቀው ያወርድልኛል። የማይወደው ሰው አልነበረም፤ እኔም እወደው ነበር። ሚስቱ ዳርላ የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የምትራመድ ሴት ናት።

በጥቅምት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዳርላ ወደ ቨርሊን የሥራ ክፍል ገባች፤ አዲስ ሽጉጥ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

"ይሄን መሳብ አቃተኝ፣ አባባ። ጣቴ እምቢ ይለኛል።"

ቨርሊን አነሳው፤ ባዶ መሆኑን አየ፤ ምላጩንም ሞከረው። "ይሄማ የበሬ ጉልበት ይፈልጋል። እስቲ እጅሽን አምጪ፣ ጣትሽ እስከየት እንደሚደርስ ልየው።"

ዘረጋችለት። ጠቋሚ ጣቷ መሀሉ ላይ ወደ ጎን ተጣሟል። በፋሲካ ምሳ ላይ በፋሻ ጠቅልላው ነበር፤ የመኪና በር ዘጋብኝ ብላ። ያኔ ቨርሊን አልተጠራጠረም። አሁን ግን ጣቷን በጣቶቹ መሀል ይዞ በመነጽሩ ሥር ሲመለከተው ሌላ ነገር ታየው። በር የጨፈለቀው ጣት ይጠፈጠፋል። ይሄ ወደ ኋላ ታጥፎ፣ ተጠምዝዞ የተሰበረ ነበር።

"ሽጉጡን ለምን ፈለግሽው?" አላት።

"ለእባብ።"

"በጥቅምት?"

ዳርላ ሽጉጡን ወደ እሱ ገፋ አደረገችው።

"ልጄ፣ በዚህ ብርድ እባቡ ሁሉ ጉድጓዱ ገብቷል።"

"ይሄኛው አልገባም" አለች፤ እጇንም መለሰች።

ቨርሊን መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። "ሐሙስ ነይ" አላት።

ሽጉጡን ግን አልነካውም። በማግስቱ መኪናውን አስነስቶ ጠጠር ማምረቻው ድረስ ሄደ። ሮይስ ከጭነት መኪናው አጠገብ ቆሞ ሳንድዊች ይበላ ነበር። አባቱን ሲያይ እየሳቀ መጣ።

"ምነው አባዬ፣ ሥራ ልትቀጠር ነው? በዚህ ዕድሜህ አካፋ አልሰጥህም!"

"የዳርላን ጣት ምን ነካው?"

"በር ነዋ! አንተም እኮ በፋሲካ አይተሃታል።"

"በር አይደለም።"

ሳቁ ከሮይስ ፊት ላይ ቀስ እያለ ወረደ። "ነገረችህ?" አለ።

ቨርሊን ሁሉን ነገር ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ያላጠፋ ሰው "ምን?" ብሎ ይጠይቃል እንጂ "ነገረችህ?" አይልም።

"ምንም አላለችኝም። በዓይኔ አይቼ ነው።"

"እንግዲያው የሚስቴን ነገር ለእኔ ተወው። አንተ ብረትህን ወልውል።" ሮይስ የተረፈውን ሳንድዊች ጠጠሩ ላይ ወርውሮ ሄደ።

ሐሙስ ዳርላ አልመጣችም። የትምህርት ቤቱ ሰዎች ጉንፋን ይዟት ቀረች አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ስትመጣ አንገቷን በወፍራም ሻርፕ ጠቅልላ ነበር፤ ድምፅዋም እንደ ተቀደደ ጨርቅ ሆኖ ነው የሚወጣው።

"ሮይስን ምን አሉት?" አለችው።

"ይሻላል ብዬ..." አለ ቨርሊን።

"ከእንግዲህ ስለ እኔ አይናገሩት። እባክዎ። እርስዎ ተናግረው ይሄዳሉ፤ እኔ ግን እዚያው ቤት ነው የማድረው።"

"እኛ ጋ ነይ። የሮይስ ክፍል ባዶውን ነው።"

"እማማ አርዲት በሩን ይከፍቱለታል፣ አባባ።"

እውነቷን ነበር። ቨርሊን በዚያው ሳምንት ለሚስቱ ለአርዲት ጉዳዩን አንስቶባት ነበር። አርዲት ሳህኑን ማጠብ ሳታቆም "የእኔ ሮይስ? ትንኝ ገድሎ ያውቃል?" ብላ፣ ወሬው በዚያው አበቃ። ሸሪፉም ዘንድ ሄዶ ነበር። ሸሪፉ የሮይስ የእሳት አደጋ ጓደኛ ነው፤ ደግ ሰው ነው፤ ግን እሷ ራሷ መጥታ ቃሏን ካልሰጠች ምን ላድርግ አለ።

ኅዳር ላይ ዳርላ ቃሏን ሰጠች። ከእህል ጎተራው ጀርባ ያለች አነስተኛ ቤት ተከራየች፤ ፍርድ ቤቱም ሮይስ እንዳይጠጋት ትእዛዝ ጻፈ። ሮይስ ወረቀቱን መደብሬ ውስጥ አውጥቶ እያሳየ "ከገዛ ሚስቴ በስንት እርምጃ ልራቅ? ሜትር ሽጥልኝ እስቲ!" እያለ አሳቀን። አዎ፣ ሳቅን።

ቨርሊን ሽጉጡን የፈታው በዚያው ሰሞን ነው። የሆነው ሁሉ ሆኖ ካለፈ በኋላ ነው ይህን የነገረኝ።

ክፍሎቹን ነጭ ጨርቅ ላይ ደርድሮ ቁጭ አለ። መርፌውን አንስቶ ብርሃን ላይ አየው። ጫፉን በሞረድ ትንሽ ቢነካው ምላጩ እንደ ቅቤ ይሳባል፤ ጥይቱ ግን አይፈነዳም። ዳርላ እንኳ ልትተኩስ እስከምትሞክርባት ሰዓት ድረስ አታውቅም፤ ከዚያ በኋላም የሚያውቅ አይኖርም። ሞረዱን በእጁ ይዞት ነበር።

"ታዲያ ለምን ተውከው?" ብዬ ጠየቅሁት።

"ድምፅዋ ነው" አለኝ። "'ምን አሉት?' ስትለኝ የነበረው ድምፅዋ። ያን ድምፅ ያወጣው የልጄ እጅ ነው።"

ሞረዱን መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ቆለፈበት። ከዚያ በኋላ እንደዚያ ሥራ ተጠንቅቆ የሠራው የለም። የሚፋተጉትን ጠርዞች አንድ በአንድ አለሰለሰ። ሞላውን በለዘበ ሞላ ቀየረው። የጎበጠውን የፋብሪካ ምላጭ አውጥቶ፣ የተጣመመው ጣት እንዲያርፍበት ሰፋ ያለና ጠፍጣፋ ምላጭ ገጠመለት። ደግሞም ከልክ በላይ እንዳይቀል ፈራ። ባዶውን ሽጉጥ አዘጋጅቶ በጎማ መዶሻ ከላይ መታው፣ ከጎን መታው፣ እንጨት ወለል ላይ ጣለው። መርፌው አልተነቃነቀም። ጣት ካልሳበው የሚወነጨፍ አልነበረም።

እሑድ ከሰዓት ዳርላን ከከተማው ውጭ ወዳለው ደረቅ ሸለቆ ወስዶ አስተኮሳት። የተጣመመው ጣቷ ምላጩ ላይ በደንብ አረፈ።

"እንዴት ነው?" አላት።

"እንደ በፊቱ አያታግለኝም።"

"ከተኮስሽ በኋላ ምላጩን ጨርሰሽ አትልቀቂው። ጣትሽ ሥር 'ጭ' እስኪል ብቻ መልሺው። ያን ጊዜ ሁለተኛው ዝግጁ ነው።"

"አንዱ አይበቃም?"

ቨርሊን ፊቱን ወደ ኮረብታው አዞረ። "ላይበቃ ይችላል" አላት።

ልጁን ነበር የሚያወራው። ሁለቱም ያውቁታል፤ ስሙን ግን አንዳቸውም አልጠሩም።

ጥር ላይ ውርጩ ስለጠና ጠጠር ማምረቻው ተዘጋ። ሮይስ ሥራ ፈትቶ ዋለ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ በረዶ እየጣለ፣ የእሳት አደጋ ሰዎች በር የሚፈለቅቁበትን የብረት ዘንግ ይዞ ከጎተራው ጀርባ ወዳለው ቤት ሄደ። አልጠጣም ነበር። ጎረቤቷ፣ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ፣ ዳርላ "ሂድ! ሮይስ፣ መሣሪያ ይዣለሁ፣ ሂድ!" ስትል ሰምቷል። ሮይስም "አንቺ? በየትኛው ጣትሽ?" ሲል ሰምቷል። ከዚያ የበሩ እንጨት ሲሰነጠቅ፤ ከዚያ ተኩስ፤ ወዲያው ደግሞ ሌላ ተኩስ።

ሸሪፉ ወደ ቨርሊን ሲመጣ ከመደብሬ መስኮት አየሁት። ባርኔጣውን ገና ከመኪናው ሳይወርድ አውልቆ ነበር። ሲረን ስለሰማሁ ተከትዬው ገባሁ።

"ቨርሊን፣ እስቲ ተቀመጥ" አለው።

"ቆሜ እሰማለሁ። ከሁለቱ ማንኛቸው ነው?"

"ሮይስ ነው።"

ቨርሊን በሁለት እጁ ጠረጴዛው ላይ የታሰረውን የብረት መንከሻ ሞርሳ ጨበጠ። ሸሪፉና እኔ በብብቱ ገብተን አስቀመጥነው።

በቀብሩ ላይ የእሳት አደጋ ሰዎቹ በሙሉ ልብሳቸው ተሰልፈው ቆሙ። ሴቶቹ በየትሪው የተጋገረ ድንችና ሥጋ እየያዙ ወደ ሃስኬቶች ቤት ጎረፉ። ያለቀሰው ብዙ ነው። አርዲት የማንንም እጅ አልጨበጠችም፤ የባሏንም ጭምር።

ዳርላ ትከሰስ አትከሰስ የሚወሰንበት ችሎት ሲቃረብ ጠበቃዋ ቨርሊንን ሊያነጋግር መጣ።

"አቶ ሃስኬት፣ ምላጩ ከልክ በላይ ቀሎ ነበር ቢሉ ጉዳዩ አደጋ ነው ይባላል። እሷም ትድናለች። ባለቤትዎም ልጄ በአደጋ ሞተ ብለው ይጽናናሉ። ለሁሉም የሚበጅ አይመስልዎትም?"

ቨርሊን ሌሊቱን ሙሉ እንዳሰበበት ነግሮኛል። ያሳሰበው የአርዲት ነገር ነበር።

ችሎቱ ላይ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ዐቃቤ ሕጉ ሽጉጡን በፕላስቲክ ከረጢት ይዞ ቀረበ።

"ይህ ምላጭ ከፋብሪካው የቀለለ ነው። እርስዎ ነዎት የሠሩት?"

"እኔ ነኝ።"

"ተኳሿ ሳትፈልግ ሊተኮስ ይችላል?"

"አይችልም።"

ጠበቃዋ ዓይኑን ጨፈነ።

"ስለዚህ አስባ ነው የተኮሰችው?"

"አዎ። በሯን ሰብሮ ሊገድላት የገባ ሰው ላይ፣ አስባ ነው የተኮሰችው።"

"ሲሠሩላት በማን ላይ እንደምትተኩስ ያውቁ ነበር?"

አርዲት ከፊት ወንበር ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። ቨርሊን ዓይኑን ከእሷ ላይ ሳያነሳ መለሰ።

"አውቅ ነበር።"

አርዲት ተነሳች። ኮቷን ቆልፋ፣ በሰው መሀል አልፋ ወጣች።

ዳርላ አልተከሰሰችም። የተሰበረው በርና የአንገቷ ፎቶግራፍ በቂ ሆነ። ኦሪገን ወዳለችው አክስቷ ሄደች። ከመሄዷ በፊት ቨርሊንን ልትሰናበት በሩን አንኳኩታ ነበር፤ አርዲት መስኮት ላይ ቆማ ስታያት ግን ሳትጠብቅ ተመለሰች።

ባልና ሚስቱ ክረምቱን በአንድ ቤት ውስጥ ሳይነጋገሩ ከረሙ። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር አንድ ጠዋት አርዲት ቁርስ ላይ አፏን ከፈተች።

"ሽጉጡን ሳትነካው ብትመልስላት ኖሮ ልጄ ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር?"

"ይኖር ነበር" አላት። "ዳርላ ግን..."

"ስለ እሷ አልጠየቅሁህም።"

በዚያው ሳምንት ዕቃዋን ጭና ነብራስካ ወዳለችው እህቷ ሄደች። ቨርሊን ሻንጣዎቹን ተሸክሞ መኪናው ድረስ አደረሰላት። አልከለከለችውም፤ አመሰግናለሁም አላለችውም።

ከዚያ በኋላ ምላጭ ላስለዝብ ብሎ የመጣውን ሁሉ ከደጅ ይመልስ ጀመር። አሁን የሚኖረው የገበሬ የውኃ ፓምፕ እየጠገነ ነው። ስለ እሱ ሰዉ ሁለት ልብ ነው። አንዳንዱ ከእሱ ጋር አንድ ጠረጴዛ አይቀመጥም፤ አንዳንዱ ደግሞ ምን ሊል እንደሚችል ስለማያውቅ ብቻ ይርቀዋል። እኔ ማክሰኞ ማክሰኞ ምሳ ይዤለት እሻገራለሁ። ስለ ሮይስ ልጅነት ያወራኛል፤ ስለ ሌላው ከጠየቅሁት ብቻ።

በግንቦት የሮይስ የመቃብር ድንጋይ ቆመ ሲሉ አብረን ሄድን። አርዲት ከነብራስካ ሆና ያሠራችው ነው። ስሙና ዘመኑ ተጽፏል። ከሥሩ "የአርዲት ልጅ" ይላል። ሌላ ስም የለበትም።

ቨርሊን ተንበርክኮ ፊደሎቹን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

"ጥሩ ቀርጸውታል" አለ።

"ያንተን ስም ጨምሩ ብትላቸው ይጨምሩ ነበር እኮ" አልኩት።

"ድንጋዩ የእሷ ነው" አለና ጉልበቱን አራግፎ ተነሳ።